ሰማንያው፣ ሳነቴና የፍሬን ዘይት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ድምፄ የደከመ ከመሰላችሁ እውነታችሁን ነው። ቅዳሜና እሁድን መኪና ሥር ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። እጄን ሁለቴ በኦሞ አሽቼዋለሁ። ጥፍሬ ሥር የገባው ግራሶ ግን አልወጣም።

እስቲ ዛሬ ስለዚህ መኪና ላውራችሁ። ላንድክሩዘር ነው፤ ሰማንያ የሚባለው፣ በፈረንጆቹ 1994 የተሠራ። ሞተሩ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው። መካኒኮች 1ኤችዜድ ይሉታል። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ሲሸጥ ነው ያገኘሁት። ምንጣፉን ሳነሳ ሥሩ ቀይ አፈር ተጋግሮ ነበር። አካፋ የሚያስይዝ አፈር። ያን ጊዜ ነው ይሄ መኪና ከተማ ውስጥ እንዳልኖረ የገባኝ።

ብዙ ሰው “ለምን አሮጌ መኪና ላይ ገንዘብህን ትጨርሳለህ?” ይለኝ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ ጥያቄው ቀንሷል። ሰው ሁሉ ያለውን መንከባከብ ጀምሯል። የእኔ ምክንያት ግን ሌላ ነው። አባቴ ሹፌር ነበር። ባሌ ውስጥ ለዓመታት እንዲህ ዓይነት መኪና ነድቷል። ጎባ፣ ሮቤ፣ ዶሎ መና፣ ጊኒር፤ እነዚህን ስሞች ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው የማውቃቸው። ከመስክ ሲመለስ አንስቶ ኮፈኑ ላይ ያስቀምጠኝ ነበር። ሞተሩ ገና አልቀዘቀዘም። ሙቀቱ በሱሪዬ አልፎ ይሰማኛል። ያ ሙቀት ለእኔ አባዬ መጣ ማለት ነው።

እንግዲህ መኪናውን እንደገዛሁ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። አውስትራሊያ ውስጥ በረሃ የሚያቋርጡ ሰዎች፣ መኪናቸውን ከላይ እስከ ታች የለወጡ ሰዎች። ቀናሁ። 5 ሴንቲ ከፍ የሚያደርግ ሞላ ከነሾክ አብዞርበሩ ዱባይ በሚመላለስ ሰው አስመጣሁ። ጎማውን 285/75 በ16 አደረግሁት። ከፊት ወፍራም የብረት ፓራውልት አስበየድኩ፣ እሱ ላይ ዊንች፣ መኪና ጭቃ ሲይዘው በገመድ የሚጎትተውን። ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ሁለተኛ ስኮርታና ሁለት ጀሪካን ናፍጣ። ሰፈር ስገባ ልጆች እየሮጡ ይከተሉኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

ግን መኪና ላይ አንድ ነገር ስትቀይር ሌላ ሦስት ነገር አብሮ ይቀየራል። ይሄን ማንም አልነገረኝም። ሰማንያውን በሞላ ስታነሳው የፊት አክስሉ ትንሽ ይዞራል። ትንሽ ነው፣ በዓይን አይታይም። መሪው ግን ያውቀዋል። ካጠመዘዝከው በኋላ በራሱ ወደ መሃል አይመለስም። አስፋልት ላይ በ80 ስትሄድ ይዋልላል፣ ነፋስ የመታህ ይመስልሃል። ማስተካከያው አክስሉን የያዙትን ጎሚኒዎች ቀዳዳቸው ከመሃል በወጡ ጎሚኒዎች መቀየር ነው። እኔ ይሄን ያወቅሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ስምንት ወር ሙሉ መሪ ስታገል ኖሬያለሁ።

ጎማውም እንደዚያው። የበፊቱ 275/70 ነበር። አዲሱ በቁመት አራት ሴንቲ ግድም ይበልጣል። ያ ማለት መኪናው በእያንዳንዱ ማርሽ ላይ የበለጠ ይከብደዋል። ይሄ ሞተር ደግሞ አዲስ ሳለ፣ ባህር ጠረፍ ላይ፣ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ነው ያለው። ቱርቦ ስለሌለው የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባህር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ይሳሳል። 4 ሺህ ሜትር ላይ በአንድ ሦስተኛ ይሳሳል። እንግዲህ ትልቅ ጎማ አድርጌ፣ ብረት ጭኜ፣ አየር ወደሌለበት ልወጣ ነው።

ወጣሁም። ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ ጥቅምት መጨረሻ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ጎባ አደርን። በማግስቱ ወደ ሳነቴ፣ ወደ ባሌ ተራሮች አምባ፣ ወጣን። ያላያችሁት ካላችሁ እንደምንም ብላችሁ እዩት። መሬቱ ለጥ ያለ ነው፣ ጅብራው እንደ ሰው ቆሞ ያያችኋል፣ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ሃምሳ ሜትር ርቆ አይጥ ያድናል። እዚያ ያለው ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ተራራ 4,377 ሜትር ነው፣ እስከ ጫፉ መኪና ይወጣል። እኛም ወጣን። ግን በአንደኛ ማርሽ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋን። ያ ጭስ በደንብ ሳይቃጠል የሚወጣ ናፍጣ ነው፤ ናፍጣው መጣ፣ አየሩ አልመጣም።

መውጣቱ ምንም አይደል። ችግሩ የነበረው መውረዱ ላይ ነው።

ከሳነቴ ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ጉም ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መጠምዘዣ ፍሬን እየያዝኩ ወረድኩ። አራተኛው ላይ ፔዳሉ ለሰስ አለብኝ። አምስተኛው ላይ ስረግጠው ዝም ብሎ ሄደ። እግሬ ወለሉን ነካ። ያን ስሜት በቃል መናገር ይከብደኛል። ደረጃ አለ ብለህ በጨለማ ስትረግጥ ደረጃው ሲጠፋብህ ያለው ዓይነት ነው። ብቻ ይሄኛው ሁለት ቶን ተኩል ይዞ ነው። ጓደኛዬ “ምነው?” አለኝ። አልመለስኩለትም። ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥኩት፣ ማርሹን አወረድኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩ፣ መኪናውን ወደ ተራራው ጥግ አስጠጋሁት። ፓራውልቱ አፈሩን እየፋቀ ሄዶ ሄዶ ቆመ።

ወረድን። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ጉሙ ውስጥ ተኝቷል። ማንም አላወራም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ መጣና ቆመልን። ሹፌሩ ጠና ያለ ሰው ነው፣ ጋቢውን ተከናንቧል። መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየው። ጣሪያውን አየ፣ ዊንቹን አየ፣ ጎማውን ዳሰሰ። ከዚያ የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ከፍቶ ጣቱን ነከረና አሳየኝ። ጠቁሯል። የቡና አተላ በሉት። “ይሄ መቼ ነው የተቀየረው?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከገዛሁት ጀምሮ ነክቼው አላውቅም። “ልጄ” አለኝ፣ “ፍሬን ለማቆም ነው። ቁልቁለት የሚወረደው በማርሽ ነው።”

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ባህርዩ ነው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲጠጣ ያ ቁጥር ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከባድ መኪና ይዘህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ሙቀቱ እዚያ ይደርሳል። ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል። ዘይት አይታመቅም፣ አረፋ ግን ይታመቃል። ስለዚህ ትረግጣለህ፣ የምትረግጠው አረፋውን ነው፣ ወደ ጎማው የሚደርስ ነገር የለም። ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ይመለሳል። የእኔም ተመለሰ። በአንደኛ ማርሽ፣ በፎር ሎው፣ ማለትም አራቱንም ጎማ በዝግታ በሚያስኬደው ማርሽ፣ እየተንፏቀቅን ሪራ መንደር ደረስን።

አያችሁ፣ ሞላ ገዝቻለሁ፣ ዊንች ገዝቻለሁ። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ መቀየር እንዳለበት አላውቅም ነበር። ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር አይወራም።

አዲስ አበባ ስመለስ መኪናውን ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ወሰድኩት። ጋሼ ነው የምላቸው። ምንም ከማለታቸው በፊት የፊት ጎማውን ፈቱ፣ ቀጥሎ ጎማው የሚዞርበትን ያን ኳስ የመሰለ ብረት ከፈቱት። እዚያ ውስጥ መኖር ያለበት ጥቁር፣ ወፈር ያለ ግራሶ ነው። የወጣው ግን እንደ ሾርባ የቀጠነ ነገር ነበር፣ ቀለሙ ግራጫ። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል አሹት፣ አሸተቱት። “ኦይል ሲሉ አልቋል። የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደዚህ ገብቷል” አሉ። ኦይል ሲል ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ላስቲክ ነው፤ ዲፈረንሻል ደግሞ የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው። ከዚያ የዲፈረንሻሉን ቡሎን ፈቱና ዘይቱን ሳህን ላይ ቀዱት። ማኪያቶ ይመስል ነበር። ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው።

ከየት ገባ? ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስለሆነ ልቆይበት። ዲፈረንሻል ብዙ ሰዓት ሲሠራ ይግላል። ጋል እንዳለ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ስታስገባው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ከውጭ ይስባል። ለዚህ ተብሎ መተንፈሻ አለው። መተንፈሻው ግን እዚያው አክስሉ ላይ ዝቅ ብሎ ስለሆነ ከአየር ይልቅ ውሃ ይስባል። በጭቃ ከተደፈነ ደግሞ በኦይል ሲሉ በኩል ይስባል። መፍትሔው ሁለት ሜትር ቀጭን ቱቦ ነው። ከመተንፈሻው ገጥመህ ወደ ላይ፣ ሞተሩ ክፍል ድረስ ትወስደዋለህ። አለቀ። እኔ በዚህ መኪና ላይ ካደረግኋቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህች ቱቦ የጠቀመኝ የለም። ከውጭ አትታይም። ማንም ልጅ ሮጦ አይከተላትም።

ኦይል ሲሉንና ኩሽኔታውን ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞርኩ። ጋሼ መክረውኝ ነበር፤ “አዲስ ኮፒና ያገለገለ ኦሪጅናል ኩሽኔታ ከቀረበልህ፣ ኦሪጅናሉን በጣትህ አሽከርክረው። ድምፅ ከሌለው እሱን ውሰድ።” ኦይል ሲል ግን ያገለገለ አይገዛም፣ ላስቲክ ነው። የታይሚንግ ችንጋውንም፣ ባልቦላና ፒስተን ጊዜያቸውን ጠብቀው እንዲሄዱ የሚያደርገውን፣ ያኔ ቀየርነው። ይሄ ሞተር ጠንካራ ነው እየተባለ ይወደሳል፣ ልክ ነው። ችንጋው ግን በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ባልቦላና ፒስተን ይገናኛሉ፣ ጥንካሬው አያድነውም።

ከዚያ በኋላ ማውረድ ጀመርኩ። ፖርቶመጋላው ወረደ። ዊንቹን ሸጥኩት። የብረት ፓራውልቱን አስፈትቼ የራሱን መለስኩለት። ስኖርክሉን ግን፣ ሞተሩ አየር ከጣሪያ ከፍታ የሚስብበትን ቱቦ፣ አላወረድኩትም፣ እሱ ይጠቅማል። ሰው ለወንዝ ብቻ ይመስለዋል። እኔን የጠቀመኝ አቧራ ላይ ነው፤ ከፊትህ መኪና ካለ ከጣሪያ ከፍታ የሚሳበው አየር ንጹሕ ነው፣ ፊልትሮው ቶሎ አይደፈንም።

ትርፉ ብረት ሲወርድ መኪናው ተነፈሰ። ዘንድሮ አፋር ወርጄበት ነበር፣ ሐመድ ኤላ ድረስ። አሸዋው ላይ ጎማውን ወደ 18 ፒኤስአይ አስተንፍሼ ያለ ምንም ጭንቀት ሄድኩ። ጎማው ይሰፋል፣ አሸዋው ላይ ይተኛል፣ አይቆፍርም። አየር ማውጣት ገንዘብ አይጠይቅም። መልሶ መንፊያ ትንሽ ፖምፓ መያዝ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቅዳሜና እሁዱ ልመለስ። መኪና ሥር የተኛሁት ለምንድን ነው?

አባቴ ሰባ አልፎታል። ጉልበቱን ያመዋል። ባለፈው ወር ቡና እየጠጣን ድንገት “ሳነቴን ሳላይ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው” አለ። ሌላ ምንም አላለም። እኔም “እወስድሃለሁ” አልኩት። መኪናው ጋ ሄደን ሊገባ ሲል እግሩን አነሳ፣ አልደረሰለትም። ደግሞ ሞከረ። የበሩን እጀታ ይዞ ቆመና መሬት መሬት አየ። ያቺ አምስት ሴንቲ። እኔ ለቪዲዮ ብዬ የጨመርኳት አምስት ሴንቲ።

እንግዲህ ቅዳሜ የድሮውን ሞላ መለስኩ። ጥዬው አልነበረም፣ እግዜር ይመስገን። እሁድ ደግሞ ሰፈራችን ያለው ብየዳ ቤት በቀኝ በኩል መወጣጫ ሠራልኝ፣ ሰፊ፣ ላዩ እንዳያንሸራትት ሸካራ ላሜራ ያለው። ከበሩ ቋሚ ላይ መያዣ ብረት አስገጠምኩ። ፍሬን ዘይቱንም እንደገና ቀየርኩት። ጊዜው አልደረሰም ነበር፣ ቢሆንም ቀየርኩት።

ማታ ላይ አባዬን ጠራሁት። ወጣ፣ መወጣጫውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገው፣ መያዣውን ጎተተው። ይገባል ብዬ ስጠብቅ ዞሮ ወደ ሹፌሩ በር ሄደ። “መጀመሪያ ፍሬኑን” አለኝ። ደግፌው ወጣና ተቀመጠ። ሞተሩን አስነሳ። ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ረገጠ። አራተኛውን ረግጦ ያዘው፤ ይሰምጥ እንደሆን ነው የሚያዳምጠው። ዓይኑን ጨፍኗል። ረጅም ጊዜ ያዘው።

ከዚያ እግሩን አነሳና “መቼ ነው የምንሄደው?” አለኝ።

ዝናቡ ሲያባራ፣ ለመስቀል ማግስት። ስንመለስ እነግራችኋለሁ። ደህና ሁኑ።