ጭቃ የማይሸፍነው ማስታወቂያ

ዮናስ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬም ከፒያሳ ነን። የታክሲ ረዳት ሲጣራ ብትሰሙ መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ነው። ርዕሳችን በዓለም አቀፍ የመኪና ራሊ የሹፌር ዝናና ስፖንሰር። ዓመተ ምህረቱን በፈረንጆቹ ነው የምንጠራው።

ሄለን፦ ዝናው ገንዘብ ያመጣል ወይስ ውጤቱ? ከዚያ እንጀምር።

ዮናስ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ስለ በሩ።

ሄለን፦ የምን በር?

ዮናስ፦ የመኪናው! በዓለም ሻምፒዮናው ደንብ በሁለቱም የፊት በሮች ላይ 67 በ17 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ይለጠፋል። ቁጥሩና የአዘጋጁ ማስታወቂያ ያለበት ነው፤ ያ ቦታ የቡድኑ አይደለም። አዘጋጁ በአማራጭ የሚያቀርበው ሌላ ማስታወቂያም አለ፤ አልለጥፍም ካልሽ የመመዝገቢያ ክፍያሽ ይጨምራል። ቡድኑ የሚሸጠው የተረፈውን ነው፤ ኮፈን፣ ጣሪያ፣ ጎን፣ ባምፐር።

ሄለን፦ ሁሉም እኩል አያወጣም መቼም።

ዮናስ፦ በፍጹም! ጣሪያውን ሄሊኮፕተር ያየዋል፤ ኮፈኑን ከፊት የቆመ ካሜራ ሁሉ ያገኘዋል። ከበሩ ግርጌ ያለው ግን... የኬንያውን ሳፋሪ ራሊ አስቢ፣ ናይቫሻን። በ2021 ወደ ሻምፒዮናው ከተመለሰ ወዲህ ያንን ፈሽ ፈሽ የሚሉትን ዱቄት የመሰለ አፈር አይተሻል። ዝናብ ከነካው ደግሞ ጭቃ ነው። ጥቂት እንደተነዳ የጎኑ ጽሑፍ አይነበብም።

ሄለን፦ እሺ፣ ሹፌሩስ?

ዮናስ፦ ባምፐሩን ልጨርስ። ውሃ ሲሻገሩ ወይ ድንጋይ ሲመቱ ይወልቃል። ማታ በ45 ደቂቃው ሰርቪስ፣ በጥገናው ሰዓት፣ መካኒኮቹ ሌላ ይገጥማሉ። ያ መለዋወጫ ስቲከር ከሌለው፣ በማግስቱ ስፖንሰሩ የከፈለበት ቦታ ባዶውን ይውላል። ስለዚህ መለዋወጫ ባምፐርና ፓራፋንጎ ስቲከሩ ተለጥፎበት ነው የሚጫነው። እዚያው ልለጥፍ ካልሽ ቅባት አለ፣ እርጥበት አለ። በአልኮል ካልተወለወለ፣ ጠርዙ በሙቅ አየር ሞቆ ካልተጫነ፣ በግፊት ውሃ ሲታጠብ ከጫፉ ይላጣል።

ሄለን፦ ዮናስ፣ ሹፌሩ።

ዮናስ፦ ወደሱ እየሄድኩ ነው እኮ! ጭቃ የማይደርስበት ቦታ የት ነው? ሄልሜቱ። የውስጥ ካሜራው ስቴጁን፣ ሰዓት የሚያዝበትን የመንገድ ክፍል፣ ሙሉ እሱን ያሳያል። ስቴጁ እንዳለቀ ማይክ በመስኮት ይገባል፤ ያኔም ፊቱና ሄልሜቱ ነው የሚታየው። በፈረንሳዮቹ ሻምፒዮኖች በሌብና በኦዥዬ ሄልሜት ላይ ሬድ ቡልን፣ የኃይል መጠጡን፣ ስንት ዓመት አየነው!

ሄለን፦ ልክ እንደ ታላቁ ሩጫ ቲሸርት ነው። ሩጫው ኅዳር ላይ በአንድ ጠዋት ያልቃል፤ ቲሸርቱን ግን ሰው ዓመቱን ሙሉ ይለብሰዋል፣ አራት ኪሎ ብትል መርካቶ።

ዮናስ፦ ይኸው! ሰው ላይ ያለ ማስታወቂያ ይሄዳል። አሜሪካዊውን ሹፌር ኬን ብሎክን ውሰጂ። ከ2008 ጀምሮ የለቀቃቸው የመኪና ቪዲዮዎች ዓለምን አዳረሱ። በ2010 ሞንስተር የተባለውን የኃይል መጠጥ ስፖንሰር ይዞ በፎርድ ዓለም ሻምፒዮና ገባ። በዚያ ሻምፒዮና ከሁሉ የተሻለው ውጤቱ በ2013 ሜክሲኮ ላይ 7ኛ ነው፤ መድረክ ላይ አንድ ቀን አልቆመም። በ2023 እስካረፈበት ቀን ድረስ ግን ስፖንሰር አላጣም። ስኮትላንዳዊው ሹፌር ኮሊን ማክሬም የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አንዴ ነው፣ በ1995። በ1998 በስሙ የቪዲዮ ጨዋታ ሲወጣ ራሊ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሁሉ ስሙን ጠራው።

ሄለን፦ አልስማማም። አቡ ዳቢ ፎርድን ስፖንሰር ሲያደርግ የኤምሬትሱ ሹፌር ኻሊድ አል ቃሲሚ የቡድኑን መኪና ነዳ። በ2013 ስፖንሰርነቱ ወደ ሲትሮን ሲዞር እሱም አብሮ ሄደ። ያን ገንዘብ ያመጣው ዝና አይደለም፤ አገሩ ናት።

ዮናስ፦ እሱ ሌላ ነው...

ሄለን፦ ሌላ አይደለም! ኦዥዬም በ2017 ኤም ስፖርት የሚባለው ቡድን ሲገባ ሬድ ቡል አብሮት መጣ። የመጣው ግን አራት ጊዜ ሻምፒዮን ለሆነ ሰው ነው። በዚያው ዓመት የሹፌሮችንም የአምራቾችንም ዋንጫ ወሰዱ። ሳያሸንፍ ማን ያውቀው ነበር?

ዮናስ፦ እሺ፣ ማሸነፍ ስም ይሠራል። ግን ማሸነፍ ብቻውን ገንዘብ አያቆይም። ቮልስዋገን ከ2013 እስከ 2016 በየዓመቱ እያሸነፈ ነው በናፍጣ መኪኖቹ የጭስ ምርመራ ካጭበረበረበት ቅሌት በኋላ ጥሎ የወጣው።

ሄለን፦ እሱ አምራች ነው እንጂ ስፖንሰር አይደለም።

ዮናስ፦ ኪሱ ግን ያው ኪስ ነው። ሹፌሩ የራሱ ስም ካለው ቡድኑ ቢዘጋም ስፖንሰሩን ይዞ ሌላ በር ያንኳኳል።

ሄለን፦ በግማሹ እስማማለሁ። አንድ ጀማሪ ሹፌር ለስፖንሰር ደብዳቤ ሲጽፍ ታዲያ ምን ይቅደም? ስንተኛ እንደወጣ ወይስ ስንት ሰው እንዳየው?

ዮናስ፦ ከሁለቱም በፊት ፎቶ ያስገባ። መኪናው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ስቴጅ ማብቂያ ላይ ቆሞ፣ ሄልሜቱን እንዳደረገ። የኩባንያውን ስም በሄልሜቱ ግንባር ላይ በኮምፒውተር ያስቀምጥና ይላከው። ሥራ አስኪያጁ የትኛው ጽሑፍ እንደሚነበብ በዓይኑ ያያል።

ሄለን፦ መኪናው ታጥቦ የተነሳውንስ?

ዮናስ፦ እሱን ማንም ይልካል።