ለሥራ ስንጓዝ ሰዓቱ የማን ነው?

[ምስል፦ ሊነጋጋ ሲል፣ የኮምቦልቻ መናኸሪያ]

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። አንድ የፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ የመፍቻ ሣጥኑን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጧል። ወልድያ ሄዶ የቆመ ማሽን እንዲጠግን የታዘዘው ትናንት ነው። ሚኒባሱ የደሴን ዳገት ወጥቶ፣ ሐይቅን፣ ውጫሌንና መርሳን አልፎ ሲሄድ ሠራተኛው ገና አንድ ብሎን እንኳ አልፈታም፤ ማሽኑ ዘንድ የሚደርሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። እነዚህ አራት ሰዓታት ይከፈልባቸዋል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንገድ ሰዓትን በስሙ ጠቅሶ አይደነግግም። ይሁን እንጂ አንቀጽ 61 መደበኛ የሥራ ሰዓትን ሲተረጉም ሠራተኛው ሥራውን የሚያከናውንበትን ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ጊዜ ይጨምራል፤ ጣሪያውም በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በእኔ እምነት መልሱ ያለው እዚሁ ትርጉም ውስጥ ነው። ሠራተኛው በዚያ ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር ሊሆን ወይም የግል ጉዳዩን ሊፈጽም አይችልም፤ መንገድ ላይ ያዋለው የአሠሪው ትእዛዝ ነው። መኪናውን የሚነዳው እርሱ ራሱ ከሆነ ደግሞ፣ መንዳቱ ራሱ የታዘዘው ሥራ ስለሆነ ብዙ ክርክር አያስነሳም።

[ምስል፦ የሠራተኞች ሰርቪስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ]

በየዕለቱ ከቤት ወደ መደበኛው የሥራ ቦታ መመላለስ ግን ከዚህ ይለያል። ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው በሰርቪስ የሚያሳልፈው ጊዜ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ የሥራ ሰዓት ተደርጎ አይቆጠርም። ሆኖም አንቀጽ 97 ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባቀረበው ሰርቪስ ውስጥ የሚደርስን ጉዳት የሥራ ላይ አደጋ አድርጎ ይቆጥረዋል። ያን ቁልቁለት በየቀኑ ለሚወርድ ሰው ይህ ትልቅ ዋስትና ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «አብሽር፣ አበል ይታሰብልህ የለ?» የሚል ነው። አበል ግን የምግብና የአልጋ ወጪ መሸፈኛ ነው፤ አንቀጽ 53ም የውሎ አበልን ከደመወዝ ትርጉም ውጭ አድርጎታል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ደግሞ ለተጨማሪ ድካም የሚከፈል ነውና አንዱ ሌላውን አይተካም።

ወደ ወልድያው ሠራተኛ እንመለስና ሰዓቱን እንቁጠር። መደበኛ ሰዓቱ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ምሳ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ምሽት 12 ሰዓት ከተመለሰ፣ ምሳው ተቀንሶ 12 ሰዓት በአሠሪው ትእዛዝ ሥር ውሏል። ትርፉ 4 ሰዓት ነው፤ ይህም አዋጁ በአንድ ቀን የሚፈቅደው የመጨረሻው የትርፍ ሰዓት መጠን ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ያለው አንድ ሰዓት በ1.75፣ የቀሩት ሦስቱ በ1.5 ሲባዙ የ6.25 ሰዓት ደመወዝ ይሆናሉ። ጉዞው በሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ቢሆን ማባዣው 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ቢሆን 2.5 ይሆን ነበር።

[ምስል፦ የስምሪት ወረቀት በቅርበት፤ «መነሻ ሰዓት» የሚለው መስመር ባዶ ነው]

ይህን ባዶ መስመር ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ለተሠራ ሥራ ስለሆነ፣ የመነሻውና የመመለሻው ሰዓት ያልተጻፈበት የስምሪት ወረቀት ሠራተኛውን በክርክር ጊዜ ያለ ማስረጃ ያስቀረዋል። አለቃው ከመፈረሙ በፊት ሰዓቱ እንዲሞላ መጠየቅ የማንንም ክብር አይነካም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳልና፣ ክፍያው በጥቅምት መጨረሻ መፈጸም የነበረበት ሠራተኛ ጥያቄውን ሚያዝያ ሳያልቅ ማቅረብ ይኖርበታል።