ያ 88

ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የደም ኦክስጅን ከመቶ ስንት እንደሆነ የሚለካው መሣሪያ ያሳየኝ ያ 88 ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ሴትየዋ ለቆዳ ሕመሟ ዳፕሶን የሚባል መድኃኒት ትወስዳለች። ሰመመን ሰጥቼ፣ ቱቦውን አስገብቼ፣ ንጹሕ ኦክስጅን እየሄደላት ሞኒተሩ 88 ይላል። ጣት ቀየርኩ፤ 88። ጆሮዋ ላይ አደረግኩት፤ 88። በራሴ ጣት ሞከርኩት፤ 98። ሳንባዋን ግራና ቀኝ አዳመጥኩ፤ አየሩ በደንብ ይገባል። ቀዶ ሐኪሙ ቀና ብሎ «እንቀጥል ወይስ እናቁም?» አለኝ። ደም የሚጠረግበትን ጎዝ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ደሙ የአቦል ቡና መስሏል።

መሣሪያው የሚያየው በሁለት ብርሃን ብቻ ነው፤ በ660 እና በ940 ናኖሜትር። ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያፈለቀው ሐሳብ ስንቱን ነፍስ አትርፏል! እንደ ዳፕሶን ያለ መድኃኒት የሚያመጣው ሜትሄሞግሎቢን፣ ማለትም ተለውጦ ኦክስጅን መሸከም ያቃተው የደም ሄሞግሎቢን፣ ግን ሁለቱንም ብርሃን እኩል ሊባል በሚችል መጠን ይውጣል። ሲበዛ ቁጥሩ ወደ 85 ይወርድና እዚያው ይቆማል፤ ደሙ ከዚያ በላይ ቢበላሽም አይነግርህም። ለይቶ የሚለካው ኮ-ኦክሲሜትር ነው፤ እሱ ደግሞ በእጃችን አልነበረም።

ማርከሻውን ሜቲሊን ብሉ ልስጣት? በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ነው። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም ከጎደላት ግን ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርስባታል፤ ምርመራ አልነበራትም። መድኃኒቱ ራሱም ሰማያዊ ስለሆነ ሲገባ ቁጥሩን ለጊዜው ይባስ ያወርደዋል። ልብ ምቷና የደም ግፊቷ የረጋ ነበርና መድኃኒቱን አዘጋጅተን፣ ዓይናችንን ከእሷ ሳንነቅል ቀዶ ሕክምናው አለቀ። ነቅታ ውኃ ስትጠይቀኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ግን እኮ 88 ቢያንስ ያስደነግጣል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ደህና የሚመስለው 98 ነው። ከከሰል የሚወጣውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ የያዘውን ሄሞግሎቢን ይህ መሣሪያ ኦክስጅን እንደያዘ አድርጎ ይቆጥረዋል። ክረምት ሲገባ ፒያሳ ጓሮ ያሉትን ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ፤ በር ተዘግቶ፣ የከሰል ምድጃው መሐል ቤት። ከዚያ ቤት በሌሊት ለአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የሚመጣ ሰው ሞኒተሬ ላይ ደህና ይመስላል። ራሱን ስቶ ከሆነ ደግሞ ራስ ምታቱን አይነግረኝም። አሁን ቤተሰቡን «ከሰል ነበር ወይ?» እያልኩ እጠይቃለሁ፤ ሰው ግራ ይጋባል። ግን «አልነበረም» ካሉኝስ? ደግሞ ተደናግጠው… እናቴ ራሷ እኮ ስንት ጊዜ ብነግራት ምድጃዋን ወደ ውጭ… እስቲ ቆዩ፣ እሷው እየደወለች ነው።