የክፉ ቀን ዘር

ዳዊት፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የዓለም አየር ንብረት ሲቃወስ አንድ ቤተሰብ እንዴት ይተርፋል የሚለውን እናወራለን። ከክፉ ቀን ልጀምር፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ከነበረው ታላቅ ረሃብ። ድርቁ እኮ የእኛ ብቻ አልነበረም። ህንድም ብራዚልም...

ሰላም፦ ቆይ ቆይ፣ ብራዚል ከመሄድህ በፊት የአያቴን ነገር ልንገርህ።

ዳዊት፦ እሺ በይ።

ሰላም፦ አያቴ ያደጉት ደብረ ታቦር አካባቢ ነው። ታሪኩን የሰሙት ከአያታቸው ነው፤ እሳቸው በክፉ ቀን ልጅ ነበሩ። መጀመሪያ ያለቀው ከብቱ ነው። ደስታ የሚሉት በሽታ ገባና በሬ የሚባል ጠፋ።

ዳዊት፦ ጣልያኖች በምፅዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ነው የመጣው። ከአስር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል።

ሰላም፦ አዎ! ዝናቡ ቢመጣስ በምን ታርሳለህ? አባትየው በዶማ ቆፈረ። እኔን የምትገርመኝ ግን እናትየዋ ናት። ትንሽ የገብስ ዘር ነበራት። ስልቻ ውስጥ ከታ፣ አፉን በጠፍር ጥርቅም አድርጋ አስራ ሰቀለችው። ልጆቹ ሲያለቅሱ ሳማ ቀቅላ ታበላቸዋለች እንጂ ያንን አትነካም። ሌሊት እየተነሳች ቋጠሮውን ትዳስሳለች፣ ማንም እንዳልፈታው ለማየት።

ዳዊት፦ ኧረ እኔ አልችልም። ልጅ እየራበው?

ሰላም፦ ቢበሉት እኮ ለጥቂት ቀን ነው። ከዚያስ?

ዳዊት፦ ዘሩ እስኪበቅል ልጁ ባይቆይስ?

ሰላም፦ አንዱ አልቆየም። ሞቶባታል።

ዳዊት፦ እና ትክክል ናት ትያለሽ?

ሰላም፦ ናት። ዝናቡ ሲመጣ የሚዘራ ነገር የነበረው የእነሱ ቤት ነው። ገብስ ደግሞ ቶሎ ይደርሳል። ለጎረቤትም በእፍኝ አካፍላለች። ዘሩ ባይኖር ምኑን ታካፍል ነበር?

ዳዊት፦ ዶማ ስትይ፣ አፄ ምኒልክም ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል፣ ሰው እንዲከተላቸው።

ሰላም፦ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ! በሬ ጠምዶ የኖረ ገበሬ ዶማ መያዝ ይከብደዋል። የአያቴም ሰዎች መጀመሪያ አፍረው ነበር አሉ። እናትየዋ ናት ቀድማ የያዘችው።

ዳዊት፦ አሁን ብራዚል ልሂድ?

ሰላም፦ ሂድ፣ ሂድ።

ዳዊት፦ ድርቁን ያመጣው ኤል ኒኞ የሚሉት ነው። የፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የእኛ ክረምት ይደክማል። ያኔ በህንድም በሰሜን ምሥራቅ ብራዚልም ዝናብ ቀርቷል። በ2008 ዓ.ም.ም ያው ኤል ኒኞ መጥቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈልጓል። ብዙ ገበሬ ዘሩን ጨርሶ ስለነበር ዘር ማከፋፈል ግድ ሆነ።

ሰላም፦ አየህ? ዘሩ!

ዳዊት፦ እሺ፣ በዘሩ ተስማምቻለሁ። በልጁ ግን አልስማማም።

ሰላም፦ እሷም በልጁ የተስማማች እንዳይመስልህ።

ዳዊት፦ እሱስ ልክ ነሽ። የክፉ ቀኑን አንበጣ ሳናነሳ ሰዓታችን አለቀ፤ በሚቀጥለው ከእሱ እንጀምራለን።