ባለ 11 ወይስ ባለ 13፦ የባሮክ ሉት ምርጫ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የትኛውን የባሮክ ሉት ልያዝ ብሎ የሚያመነታ ሰው ካለ የዛሬው ወሬ ለእሱ ነው። ባሮክ ሉት በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ይጫወቱበት የነበረ፣ በጣት የሚመታ ባለ ብዙ ክር መሣሪያ ነው፤ 11 እና 13 የሚባሉት የረድፎቹ ቁጥር ናቸው፣ አንድ ረድፍ ማለትም አንድ ነጠላ ወይም አንድ ጥንድ ክር ነው። ብዙ ክር ያለው ይበልጣል የሚለውን ሐሳብ ለጊዜው ወዲያ በሉት፤ መጀመሪያ የማንን ሙዚቃ እንደምትጫወቱ ወስኑ።

ቅኝታቸው መሠረቱ አንድ ነው። ከቀጭኑ ሲጀመር ፋ፣ ሬ፣ ላ፣ ፋ፣ ሬ፣ ላ፤ ሬ ማይነር ማለት ነው። ከዚያ በታች ቤዞቹ ደረጃ በደረጃ ይወርዳሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ነጠላ ክር ናቸው፣ የቀሩት ጥንድ ጥንድ። ስለዚህ ባለ 11ዱ 20 ክር፣ ባለ 13ቱ 24 ክር አለው።

ልባችሁ ዴኒ ጎቲዬ፣ ሙቶን ወይም ጋሎ ጋ ከሆነ፣ ማለትም የ17ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ የሉት ደራሲዎች ጋ፣ ባለ 11ዱ ይበቃችኋል። የጀርመናዊው ሉት ተጫዋችና ደራሲ የቫይስ የመጀመሪያ ጊዜ ሥራዎችም ይገቡበታል። በኋላ የጻፋቸው ግን 13 ረድፍ ይፈልጋሉ። ስለ ባኽ ለምትጠይቁ፦ በቢደብልዩቪ 995 (በሥራዎቹ ዝርዝር ቁጥር 995 የሆነው የሉት ስዊት) የጻፈው ዝቅተኛ ሶል ከ13ኛው ረድፍም በታች ስለሚወርድ፣ ለእሱ ብላችሁ ሉት አትምረጡ።

ባለ 13ቱ ሁለት ዓይነት አሠራር አለው፤ ጭንቀቱም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው መቃኛ ሳጥኑ ጎን ላይ ትንሽ ሳጥን ተቀጥላለት የመጨረሻዎቹን ሁለት ረድፎች ትይዛለች፤ ርዝመታቸው ከሌሎቹ የሚበልጠው በጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ዝቅተኛዋ ላ በዚህ ርዝመት ወፍራም ክር ትፈልጋለች፣ ወፍራም የአንጀት ክር ደግሞ ድምፁ ይደፈናል። ብረት የተጠመጠመበት ክር ብታስሩ ይጠራል፣ ግን አልቆም ይላል፤ ቤዙ ሲቀየር የቀድሞው ድምፅ ከአዲሱ ጋር ይጋጫል። አውራ ጣታችሁ አዲሱን እየመታ አሮጌውን ማፈን መልመድ አለበት።

ሁለተኛው አንገቱ እንደ ዝይ አንገት የተቆለመመ ነው። አምስቱ ቤዞች ወደ አንድ ሜትር ይጠጋሉ፤ በቀጭን ክር ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣሉ። ነገር ግን ፍሬት (አንገቱ ላይ የታሰሩት መከፋፈያዎች) ላይ የሚጫኑት 8 ረድፎች ብቻ ናቸው። መያዣው ሳጥንም ረጅም ስለሆነ አውሮፕላን ላይ ጣጣ ነው። ለብቻ ለሚጫወትና አንድ ሉት ብቻ ለሚገዛ ሰው እኔ ባለ ትንሿን ሳጥን እመርጣለሁ።

የቀጭኑን ክር ርዝመት በቁጥር አስሉት። መነሻ ቅኝቱ ላ 415 ኸርዝ ሲሆን የላይኛው ፋ 330 ገደማ ነው። ይህን በክሩ ርዝመት፣ በ0.70 ሜትር፣ ስታበዙት 231 ይመጣል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ ለመበጠስ ይቀርባል፤ ይሄ የአንጀት ክር የሚችለው ነው። 73 ሳንቲሜትር ላይ 241 ይደርሳል፣ ክሩም ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል። እንዲህ ያለ ሉት ከያዛችሁ መነሻውን ላ ወደ 392 ኸርዝ አውርዱት።

ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ባለ 13ቱን ከሬ ማይነር ወደ ላ ሜጀር ቀይሩት፤ የክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲሻገር እንደሚያደርገው። 7ኛው፣ 8ኛው፣ 11ኛውና 12ኛው ረድፍ በግማሽ ድምፅ ይወጣሉ፤ ስምንት ክር ማለት ነው። መቃኛው እየተንሸራተተ ከተመለሰ እንጨቱ በልኩ አልተሞረደም፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው። ክሩ ጠቅ እያለ የሚዘል ከሆነ ግን አንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፍበት ቦይ ጠቦታል፤ እርሳስ አሹበት፣ ካልተሻለው ትንሽ ይሞረድ።