ውሻችሁ የማይሆን ነገር ሲበላ ምልክት አትጠብቁ

(በቱሉ ዲምቱ ለእድር አባላት የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

እኛ እዚህ ከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ሌሊት ተማምነን የምንተኛው በውሾቻችን ነው። የእንስሳት ሐኪም ነኝና ስለ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ውሻ የሚመርዘውን ከበላ በኋላ ስላለችው ሰዓት ነው።

ብዙ ቤት «በልቷል፣ ግን ደህና ነው እኮ፣ ይጫወታል» ይሉኛል። ይህ አባባል ስንት ውሻ አሳጥቶናል።

ቀይ ሽንኩርትን እንውሰድ። ፋሲካ ሲፈታ የተረፈው የዶሮ ወጥ ቁሌት ከእንጀራ ትርፍራፊ ጋር ለውሻው ይደፋለታል። በደግነት ነው የምናደርገው። ቁሌቱ ግን ሽንኩርት ነው፤ ነጭ ሽንኩርትም አለበት። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ቢቁላላም መርዝነቱ አይጠፋም። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻን ከ150 እስከ 300 ግራም ሽንኩርት ሊጎዳው ይችላል። ትንሽ ትንሽ በየቀኑ ሲሰጠውም ጉዳቱ ይጠራቀማል። በበላበት ቀን ግን ምንም አይመስልም። የሚደክመው፣ ሽንቱም ጥቁር ሻይ የሚመስለው ከቀናት በኋላ ነው።

በሥጋ ወይም በቲማቲም ተለውሶ የሚቀመጠው የአይጥ መርዝም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ። ውሻው 3 ወይም 4 ቀን ጤነኛ መስሎ ይቆይና ውስጥ ለውስጥ ይደማል። ለእንዲህ ዓይነቱ መርዝ ቫይታሚን ኬ አለ፤ በጊዜ ከተጀመረ ያድናል።

ዘቢብና ወይን ኩላሊት ይመታሉ፤ ስንት ቢበላ እንደሚጎዳው አስቀድሞ መናገር አይቻልም። ቸኮሌት ልብና ነርቭ ይነካል፣ ጥቁሩ ይብሳል። ያልተጋገረ የዳቦ ሊጥ ሆድ ውስጥ ኩፍ ይላል። «ስኳር የለውም» በሚባለው ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ደግሞ ይፈጥናል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የደም ስኳሩ ወርዶ ሊንገዳገድ ይችላል።

እና ምን እናድርግ? የተረፈውን ከፊቱ አንሱ። ማሸጊያውን አትጣሉ። ምን በላ፣ ምን ያህል፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ውሻው ስንት ኪሎ ይሆናል፤ ይህን ይዛችሁ ወዲያው ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ቢሆንም ደውሉ። ማስመለስ የሚጠቅመው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ነው፤ እሱንም ሐኪሙ ይወስን። በእኛ በኩል ቢሾፍቱ ሩቅ አይደለም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው እዚያ ነው።

ወተት ማርከሻ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። አይደለም። ዘይትም አይደለም። ጨው በጥብጦ መጋት ደግሞ ሌላ መርዝ መጨመር ነው። የምድጃ ከሰልም ሐኪም የሚሰጠው ዓይነት ከሰል አይደለም። በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ የጠጣ ውሻ ቢያስመልስ ጉሮሮውና ሳንባው ዳግም ይጎዳል።

የተከተበና የሚያምናችሁ ውሻ ከሆነ ወደ ሐኪም ስትወስዱት መንገድ ላይ ከንፈሩን ገለጥ አድርጉ። ድዱን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ነጣ ብሎ በ2 ሰከንድ ገደማ ወደ ሮዝ መልኩ መመለስ አለበት። ከዘገየ፣ ወይም ድዱ ገርጥቶ ወይም ቢጫ ሆኖ ካያችሁት ለሐኪሙ ንገሩ።

ለሃጩ የሚዝረበረብ ውሻ ሁሉ ግን የተመረዘ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታም ሊሆን ይችላል። ያልተከተበ ከሆነ እጃችሁን ወደ አፉ አታስጠጉ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የሐኪም ስልክ ጽፋችሁ ከግቢው በር ጀርባ ለጥፉ። ከውሻው ጋር የሚውሉት ልጆችና የቤት ሠራተኞች ናቸውና እነሱም ይወቁት። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፣ እዚሁ ነኝ። አመሰግናለሁ።