የቬትናም ኮሚኒስት ሜዳሊያና ባጅ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

እሁድ ዕለት ስልኩ ተጨናንቆ ሰዓቱ አለቀብን፣ አዘጋጇም "ጋሼ የቀሩትን በጽሁፍ ይመልሱላቸው" አለችኝ፣ እሺ ብዬ ይኸው። የምናወራው ስለ ሰሜን ቬትናም ጦርና ቬትኮንግ ስለሚባለው የደቡቡ ነጻ አውጪ ግንባር ሜዳሊያና ባጅ ነው፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የሚሰለቸኝ ጥያቄ ስላለ ከተቆጣሁ ይቅር በሉኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ "ሜዳሊያው በጦርነቱ ጊዜ የተሰራ ይሁን ከዚያ በኋላ በምን አውቃለሁ?"

ጀርባውን አንብብ። እስከ ሐምሌ 1976 ድረስ ሰሜኑ "የቬትናም ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ" ነበር የሚባለው፣ ሰሜንና ደቡብ ሲዋሃዱ "ሶሻሊስት ሪፐብሊክ" ሆነ፣ ስለዚህ በቬትናምኛ የተጻፈውን የሀገር ስም ስልክህ ላይ ፈልገህ ካገኘኸው ጋር ፊደል በፊደል አስተያየው። ከላይ ቀይ ከታች ሰማያዊ ሆኖ መሀሉ ላይ ቢጫ ኮከብ ያለበት ባንዲራ ካየህ ደግሞ በታህሳስ 1960 የተመሰረተው የደቡቡ ግንባር ነው። ግን እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ አሜሪካን በመዋጋት የተሰጠ ሜዳሊያ ሁሉ በጦርነቱ ጊዜ የተሰራ አይደለም፣ ወታደሮቹ ጦርነቱ ካለቀ ከብዙ ዓመት በኋላም እየተጠሩ ተሸልመዋል። ልዩነቱን የሚነግርህ ሰርተፊኬቱ ነው፣ ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ቀይ ማህተም አለው። ሻጭ ሜዳሊያ ሲያሳይህ መጀመሪያ ከአፍህ የሚወጣው "ወረቀቱስ?" ይሁን።

ከአሌክሳንድሪያ፦ "ባጁ ጠቁሮብኛል፣ እናቴ የናስ እቃ በሎሚና በአመድ ነው የምታጸዳው፣ እኔም ላድርገው?"

አታድርገው! የእናትህ ትሪ ሌላ ይሄ ሌላ። ብዙዎቹ ላያቸው ላይ ስስ ወርቅማ ቅብ ወይ ቀለም ነው ያላቸው፣ ሎሚው አሲድ ነው አመዱ ይፍቃል፣ በአምስት ደቂቃ ሃምሳ ዓመት የቆየውን መልክ ገፈህ ከስሩ ያለውን ባዶ ብረት ታወጣና "ኧረ እንዴት አማረ" ትላለህ፣ ኮሌክተር ግን ሲያየው ፊቱን ያዞራል። ሪባኑንም ውሃ አታስነካው፣ ቀዩ ቢጫው ላይ ይለቃል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፍለት በቃ። አረንጓዴ ዝገት ከበላው ደግሞ የብረት ቅርስ የሚጠግን ባለሙያ ጋ ውሰደው እንጂ ዩቲዩብ አይተህ እንዳትነካካው።

ከላስ ቬጋስ፦ "በምን ላስቀምጠው?"

በላስቲክ ከረጢት አይሁን፣ ለስላሳው ላስቲክ ከጊዜ በኋላ ያንን አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያመጣል። አሲድ የሌለው ወረቀት፣ ደረቅ ቦታ፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትመጣዋ "አትብሉ" የሚል የተጻፈባት ከረጢትም ትረዳለች።

ከበርሊን፦ "ከቁንጫ ገበያ የምስራቅ ጀርመን ፒኖች መሀል የቬትናም ባጅ አገኘሁ፣ እንዴት እዚህ ደረሰ?"

አይግረምሽ። ምስራቅ ጀርመንና ቬትናም በ1980 ውል ተፈራርመው ሠራተኛ ይመጣ ነበር፣ ግንቡ ሲፈርስ 60 ሺ ገደማ ቬትናማውያን እዚያ ነበሩ፣ ከነሱ ውስጥ ጦር ሜዳ የዋሉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ እውነተኛ መሆኑ አይከብድም። ግን በፎቶው እንዳየሁት ያንቺው ባንዲራ የያዘ እጅ ነው፣ እሱ የኮሚኒስት ወጣቶች ማህበር እንጂ የጦር ኃይል አይደለም፣ እንደ አሸዋ የበዛ ነገር ነው። ቆንጆ ነው፣ ያዢው፣ አትፈትጊው።

ከዴንቨር፦ "የባርኔጣ ምልክቱ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ አንዱ አረንጓዴ ነው፣ ደረጃ ነው?"

ደረጃ አይደለም። ቀዩ የምድር ጦር፣ ጠቆር ያለው ሰማያዊ ባህር ኃይል፣ ፈዘዝ ያለው አየር ኃይል፣ አረንጓዴው የድንበር ጥበቃ። አብዛኛው ዛሬም የሚመረት ስለሆነ ብዙ ገንዘብ እንዳታወጣበት።

ከአትላንታ፦ "ሪባኑ ላይ አንድ ኮከብ ያለው አንደኛ ደረጃ ነው አይደል?"

ተገላቢጦሽ ነው። ሦስት ኮከብ አንደኛ፣ አንድ ኮከብ ሦስተኛ።

ከሂውስተን፦ "አሜሪካኖችን ለደመሰሰ የሚሰጠውን ባጅ በኢቤይ አገኘሁ፣ ሻጩ አባቱ ከሞተ ቬትኮንግ ደረት ላይ እንደነቀለው ጽፏል"

እሱን ባጅ የቬትናም ዘማች አሜሪካውያን ራሳቸው ናቸው የሚፈልጉት፣ ፈላጊ የበዛበት ነገር ደግሞ ፌኩም ይበዛል። ታሪኩን ተወው። ጫካ ውስጥ ተደብቆ የሚዋጋ ሰው ደረቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ደርድሮ ይሄዳል እንዴ? ካለውም ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ነው የሚያኖረው። አንተ ማጉያ መነጽር ያዝና ፊደሎቹን እይ፣ ቬትናምኛ ፊደል ከላይም ከታችም ነጥብና ጭረት የበዛበት ነው፣ በማህተም ተመትቶ የወጣ ኦሪጅናል ላይ ነጥቡ ለብቻው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ከኦሪጅናሉ ቅርጽ ወስደው ብረት አቅልጠው ያፈሰሱት ላይ ግን ነጥቡ ከፊደሉ ጋር ተጣብቆ እንደ ቀለጠ ሻማ ይሆናል፣ የባጁ ገጽ ላይም ጥቃቅን ቀዳዳ ይኖረዋል። ሌላው ደግሞ "ከተመታ ቢ-52 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አሉሚኒየም የተሰራ ነው" የሚሏችሁ፣ ከወደቁ አውሮፕላኖች ማበጠሪያና ቀለበት መስራታቸው እውነት ነው ግን ክብደቷ ቀላል የሆነች ባጅ ሁሉ ከቢ-52 የተሰራች አይደለችም። ወረቀቱስ? የለውም። እንግዲያው እለፈው።

ከሜሪላንድ፦ "ከኢስቴት ሴል የአንድ ሟች ዘማች ሳጥን ገዛሁ፣ ባጆችና ሜዳሊያዎች አሉበት፣ አንድ የእንጨት እጀታ ያለው የድሮ ቦምብም አለ፣ ባዶ ነው ብለውኛል፣ ቲቪው ስር አስቀምጬዋለሁ። እሱም ዋጋ አለው?"

ወንድሜ ይሄን ጥያቄ ስሰማ ላብ ነው ያጠመቀኝ፣ አዘጋጇን ቶሎ ማስታወቂያ ልቀቂ አልኳትና ከአየር ውጪ አናገርኩህ፣ አሁን ግን ሌላውም ይስማ ምክንያቱም አንተ ብቻ አይደለህም፣ ይሄ ነገር በየጊዜው ይገጥመኛል።

ባዶ ነው ያለህ ማነው? ዕቃ ሻጭ ነው። ከፍቶ አይቶታል? አላየም። ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ባጁን ከነማረኩት ነገር ሳጥን ውስጥ ከተው ነው ያመጡት፣ ሳጥኑ ሃምሳ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሰውዬው ሲሞት ልጆቹ ሳይመረምሩ ይሸጡታል፣ አንተ ትገዛለህ። ያ የእንጨት እጀታ ያለው ቻይና ሰራሽ ዓይነቱ እጀታው ውስጥ የሚሳብ ገመድ አለው፣ አንድ ልጅ "ይሄ ክዳን ምንድነው" ብሎ ቢያሽከረክረውስ? ቬትኮንጎቹ ደግሞ አሜሪካኖቹ የጣሉትን ጣሳ ሳይቀር ሞልተው ቦምብ ይሰሩበት ነበር፣ ስለዚህ ቦምብ የማይመስል ነገርም ቦምብ ሊሆን ይችላል፣ እንደ ቴኒስ ኳስ ክብ የሆነች ብረትም ካየህ ከአውሮፕላን የሚበተነው ዓይነት ልትሆን ትችላለች። ፈንጂ ሲያረጅ ይሞታል የሚለውን ከየት እንዳመጣችሁት አላውቅም፣ አንዳንዱ ሲያረጅ ይብስበታል እንጂ። ዝገት ባየህ ቁጥር "አለቀለት" አትበል፣ ዝገት ማለት ውስጡን ማንም አያውቀውም ማለት ነው።

አሁን ስሙኝ። አትነቅንቁት፣ አትክፈቱት፣ አትወልውሉት፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ አትክተቱት፣ ፎቶ ላንሳው ብላችሁም ወደ መስኮት አታዙሩት። በተለይ በተለይ መኪና ውስጥ ጭናችሁ ፖሊስ ጣቢያ እንዳትወስዱት፣ ይሄን የሚያደርጉ አሉ፣ ደግ ነገር የሠሩ እየመሰላቸው ጎዳናውን ሙሉ ያሰጋሉ። ባለበት ትታችሁት ቤተሰቡን ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ ከውጭ ሆናችሁ 911 ትደውላላችሁ፣ "አሮጌ የእጅ ቦምብ የሚመስል አግኝተናል" ትላላችሁ፣ ቦምብ አምካኞቹ ይመጣሉ። ማፈር የለም፣ ባዶ ከሆነም ሥራቸው ነው። "ከሰሱኝስ፣ ወረቀቴስ" የምትሉም አላችሁ፣ እየፈራችሁ ቲቪ ስር ከምታስቀምጡት ነገሩን ያያችሁ ለታ መደወሉ ነው የሚሻላችሁ። ባጆቹን በኋላ አምጣልኝ፣ እነሱ ይቆያሉ።

ከዳላስ፦ "በሐምሌ ቬትናም እሄዳለሁ፣ ብረት መፈለጊያ ይዤ ኬ ሳን አካባቢ ብቆፍር ባጅ አገኛለሁ?"

ከላይ ያልኩትን አንብበህ ና። ያ ውጊያ የነበረባት ኬ ሳን ያለችው ኳንግ ትሪ ክፍለ ሀገር ነው፣ በቬትናም ያልፈነዳ ፈንጂ በብዛት ካለባቸው ቦታዎች ዋናው። የሀገሪቱ መንግስት እንደሚለው ከ1975 ወዲህ በተረፈ ፈንጂ ብቻ ከ40 ሺ በላይ ሰው ሞቷል፣ ገበሬ ነው፣ ከብት ጠባቂ ልጅ ነው፣ ቁርጥራጭ ብረት ለቅሞ የሚሸጥ ድሃ ነው። አንተ ለመዝናናት ልትቆፍር? መፈለጊያው ሲጮህልህ ባጅ ይሁን ሌላ አይነግርህም። ደግሞ ያ መሬት የሰው አጽም ያለበት ነው፣ እስከዛሬ ልጆቻቸውን የሚፈልጉ ቤተሰቦች አሉ። ሳይጎን ግባና ሌ ኮንግ ኪዩ የሚባለውን የአንቲክ መንገድ ተዘዋወርበት፣ ዳን ሲን ገበያንም እይ፣ ሻይህን እየጠጣህ ተከራከር። የአሜሪካ ወታደር የአንገት ታግና "የጂአይ (የአሜሪካ ወታደር) ዚፖ" የሚሉህን ላይተር ግን አዲስ ናቸው ብለህ ጀምር። አሮጌ ዕቃ ከሀገር ማውጣት ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል ሳትገዛ በፊት ጉምሩክ ጠይቅ፣ ጥይት ቀለህ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከት።

ከፎልስ ቸርች፦ "ኮከቡ ያለበትን ቀይ ባጅ ጃኬቴ ላይ አድርጌ ብወጣ ችግር አለው?"

ሕጉ አይከለክልህም። ግን አንተ የምትኖረው ኤደን ሴንተር የሚባለው የቬትናማውያን የገበያ ማዕከል አጠገብ ነው፣ እዚያ ከአሜሪካው ባንዲራ ጎን የሚውለበለበው ቢጫ ላይ ሦስት ቀይ መስመር ያለበት የድሮው የደቡብ ቬትናም ባንዲራ ነው፣ ያ ሁሉ ፎ የሚባለውን የቬትናም ሾርባ የሚሸጥልህ ሰው በ1975 ሳይጎን ስትወድቅና ከዚያ በኋላ በጀልባ የሸሸ ነው ወይ የሸሸ ሰው ልጅ ነው። አባቱ ካምፕ የታሰረበት ሰው ፊት ያንን ለጥፈህ ሾርባ ታዛለህ? እኛም እኮ የደርግ አርማ ለጥፎ ምግብ ቤታችን የሚገባ ፈረንጅ ብናይ የምንለውን እናውቃለን። ቤትህ መስታወት ውስጥ አስቀምጠው።

ከሲያትል፣ አንዲት እናት፦ "ባለቤቴ ቃኘው ሻለቃ ነበሩ፣ ቬትናም ያገኙት ሜዳሊያ አለኝ፣ ይሸጣል?"

እናቴ፣ ቃኘው የዘመተው ኮሪያ ነው፣ ከ1951 ጀምሮ፣ ቬትናም ኢትዮጵያ ጦር አልላከችም። ስልክ ላይ "ሰማያዊና ነጭ መስመር ሪባን፣ ጀርባው አማርኛ" ሲሉኝ ነው የገባኝ፣ የተባበሩት መንግስታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው፣ ጽሁፉ በየዘማቹ ሀገር ቋንቋ ሲቀረጽ በአማርኛም ተሠርቷል። ከቬትናም ሜዳሊያ ጋር አይገናኝም። አይሽጡት፣ እባክዎን። ፎቷቸውንና ወረቀታቸውንም አብረው ያኑሩ፣ ልጆቹም እንዳይፈትጉት ይንገሩልኝ።

ከሚኒያፖሊስ፦ "ሰርተፊኬት ከነሜዳሊያው አለኝ፣ የወታደሩ ስምና የትውልድ መንደር አለበት። ወረቀት ካለ ዋጋው ይጨምራል ብለዋል፣ ልሽጠው?"

ይጨምራል ብያለሁ፣ አልክድም። ግን ስምና መንደር ያለበት ወረቀት ማለት ቤተሰብ አለው ማለት ነው። በ2012 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሊዮን ፓኔታ ሐኖይ ሄደው የአንድ የሞተ ቬትናማዊ ወታደር ማስታወሻ ደብተር አስረክበዋል፣ እነሱም የአንድ የሞተ አሜሪካዊ ወታደር ደብዳቤዎች መልሰዋል። የአንተም ከሟች ቦርሳ የተወሰደ ሊሆን ይችላል፣ ሰውዬው በህይወት እያለ ራሱ ሸጦትም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ጥርት ያለ ኮፒ አንሳ፣ ቬትናምኛ የሚያነብ ሰው ፈልገህ አስነብበው፣ ከዚያ ዋሽንግተን ያለው የቬትናም ኤምባሲ ጋ ጻፍ። ከዚያ በኋላ የምትወስነውን አንተው ታውቃለህ፣ እኔ ብሆን አልሸጠውም።

ከየቦታው፣ ሃያ ጊዜ፦ "ፎቶ በቫይበር ልላክሎት፣ ስንት ያወጣል?"

በቫይበር ፎቶ ዋጋ አልናገርም። ጀርባውን፣ ጎኑን፣ ክብደቱን ሳላይ የምነግርህ ዋጋ ከኪሴ ያወጣሁት ነው። ሙያው ያለው ገማች ጋ ውሰዱት፣ ከሁለት የተለያዩ ሰዎች አስገምቱ፣ ገማቹ ራሱ "ልግዛህ" ካለ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።